ይድረስ በቤት ለተጋገርከው የቁርስ ብስኩት ሳንድዊች

በእኛ ባህል ከማዕድ ሲነሡ የሚመሰገነው ማዕዱን የሰጠው አምላክና ያዘጋጀው እጅ ነው። ይህን ምስጋና አላስቀረሁም፤ አላስቀርምም። አንተ ለቤቴ የዋልክልኝ ውለታ ግን በልቶ ከመነሣት ያለፈ ነውና፣ በስምህ ጠርቼ፣ ሰው እየሰማ ላመሰግንህ ወደድኩ።

ይህን ደብዳቤ በሩቅ ሆኖ የሚያነብ ሰው በሱቅ በፓኬት የሚሸጠውን ደረቅና ጣፋጭ ብስኩት እንዳያስብ በቅድሚያ ላስተዋውቅህ። በአሜሪካ ደቡብ፣ ከቨርጂኒያ እስከ ጆርጂያ፣ ከሁለቱ ካሮላይናዎች እስከ ቴነሲና ሚሲሲፒ፣ ጠዋት ጠዋት ከኦቨን የምትወጣ ትንሽ ክብ ዳቦ ነህ። እርሾ አይገባብህም። በቅቤና በአሬራ ትለወሳለህ፤ ከላይ ወርቅማ፣ ከውስጥ ስስ ስስ ሆነህ የተነባበርክ ነህ። ለሁለት ተከፍለህ እንቁላል፣ የተጠበሰ ሥጋና ቺዝ ሲገባብህ ሙሉ ቁርስ ትሆናለህ።

የምኖረው ጆርጂያ ውስጥ፣ ከአትላንታ አጠገብ ባለችው ክላርክስተን ነው። ከብዙ አገር የመጡ ስደተኞች የሰፈሩባት፣ በመንገዷ አማርኛም ትግርኛም ሶማልኛም የሚሰማባት ትንሽ ከተማ ናት። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከቤት ከወጣ ሳምንቱን አላባማና ቴነሲ፣ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ሲል ይሰነብታል። ልጆቻችን በብርዱ ወራት ቢጫውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚጠብቁት ገና ሳይነጋ ነው። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ እማማ፣ ደግሞ ጸሎታቸውን ሳያደርሱ እህል አይቀምሱም። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ጠዋታችን ለየብቻ ነበር።

አገር ቤት ያደገ ሰው ይህ ነገር እንዴት እንደሚከብድ ያውቀዋል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው። እዚህ ግን ባለቤቴ ነዳጅ ማደያ ላይ ያገኘውን ገዝቶ መሪ እንደያዘ ይበላል። ልጆቹ ቀዝቃዛ ወተት የፈሰሰበት ሲሪያል ሁለት ሦስቴ ጎርሰው ይሮጣሉ። እኔ ከፈረቃ ስገባ ከምበላ ብተኛ እመርጣለሁ። እህል አልጎደለብንም፤ የጎደለን አብሮ መብላት ነበር።

አንተ ቤታችን ከገባህ ወዲህ ይህ ተለወጠ። ሥራችን ያው ነው፤ ፈረቃውም እንደነበረ ነው። የተለወጠው ቅዳሜ ማታ አንድ ሊጥ ተለውሶ፣ በአንድ ትሪ ተጋግሮ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሁላችንም ከዚያ መብላታችን ነው። ባለቤቴ አላባማ መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ፎይሉን ሲፈታ፣ ልጆቹ አውቶቡስ እየጠበቁ ሲገምጡ፣ እኔ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስቆርስ፣ እማማ ዳዊታቸውን ዘግተው በሻይ ሲበሉ፣ የሁላችንም ቁርስ ከአንድ ሊጥ የወጣ ነው። ሰዓታችን አልተገናኘም፤ ማዕዳችን ግን ተገናኘ። ከሁሉ በፊት የማመሰግንህ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምስጋናዬ አሠራርህ ለባለ ሥራ ሰው የተመቸ ስለሆነ ነው። ዳቦ ሊጥ አቡክቶ፣ ኩፍ እስኪል ጠብቆ፣ እንደገና አድቦልቡሎ መጋገር ግማሽ ቀን ይፈልጋል። አንተ ከዱቄቱ እስከ ኦቨኑ አንድ ሰዓት አትፈጅም። አሠራርህን ያስተማረችኝ አብራኝ የምትሠራ፣ ጆርጂያ ገጠር ተወልዳ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት እናት ናት። በሌሊቱ ዕረፍታችን ከቤቷ ጠቅልላ ያመጣችውን ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ፤ እንዴት እንደምትሠራው ስጠይቃት የመለሰችልኝ በሦስት ነገር ነው፦ ቅቤሽ ይቀዝቅዝ፣ እጅሽ ይፍጠን፣ እሳትሽ ይበርታ። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ የእነዚህ ሦስት ቃላት ዝርዝር ነው።

ልኩን ለሚፈልግ ሰው ላስቀምጠው። ሁለት ኩባያ ወይም 250 ግራም ያህል ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 85 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 180 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ አሬራ። ከዚህ ስድስት ወይም ስምንት ብስኩት ይወጣል። ለሳምንት የሚጋግር ሰው እንደ ቤተሰቡ ብዛት ልኩን ያበዛዋል።

ዱቄቱ ላይ የደቡብ ሰዎች አይደራደሩም። ከብርዱ ወራት በፊት ተዘርቶ የሚከርመው ለስላሳ ቀይ ስንዴ ፕሮቲኑ ዝቅተኛ ነው፤ ከመቶ ስምንትና ዘጠኝ አካባቢ ሲሆን፣ የዳቦ ዱቄት ግን አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ይሆናል። ፕሮቲን ባነሰ ቁጥር ግሉተን ያንሳል፤ ግሉተን ሲያንስ ሊጡ አይለጠጥም፣ ብስኩቱም አፍ ውስጥ ይሟሟል። እ.ኤ.አ. በ1883 በቴነሲዋ ኖክስቪል የተቋቋመው የዋይት ሊሊ ዱቄት በደቡብ ቤቶች ስሙ የገነነው በዚህ ስንዴ ነው። እሱ የማይገኝበት አገር ያለ ሰው ተራውን ፉርኖ ዱቄት ይጠቀም፤ ብቻ ሊጡን ማሸት የለበትም። እንጀራና ዳቦ አቡክቶ ላደገ እጅ ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ ለዳቦ ማሸት ሙያ ነው፣ ለአንተ ግን መተው ነው ሙያው።

ቅቤውን ከፍሪዘር አውጥቼ በመፈቅፈቂያው ትልቅ ዓይን ላይ እፈቀፍቀዋለሁ። ነጭና ቢጫ ቅርፊት ሆኖ ዱቄቱ ላይ ይወርዳል። በጣቴ ጫፍ ብቻ ከዱቄቱ ጋር አበጥረዋለሁ፤ መዳፍ ይሞቃልና መዳፌ አይነካውም። እያንዳንዱ የቅቤ ቅርፊት ዱቄት ለብሶ ለብቻው ሲቆም መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ አሬራውን አፈስበታለሁ፤ በማንኪያ ዞር ዞር አድርጌም እተወዋለሁ። በዚህ ሰዓት ላየው ሰው ሊጥ አይመስልም። ግማሹ እርጥብ፣ ግማሹ ዱቄት፣ ቅቤው እዚህም እዚያም ብቅ ያለ ፍርክስክስ ነው። ሰሌዳው ላይ ገልብጬ በእጄ ሰብሰብ፣ ጫን አደርገዋለሁ። ከዚያ እንደ ነጠላ ለሁለት አጥፌ፣ ዳግም ጫን አድርጌ፣ ዞር አድርጌ እንደገና አጥፋለሁ። አራት ወይም አምስት እጥፋት ይበቃዋል። በመጨረሻው እጥፋት ጎኑ ሲታይ የቅቤው ነጭ መስመር በሊጡ መሐል ተዘርግቶ ይታያል፤ ነገ ጠዋት በጣት ተነቅሎ የሚበላው ንብብር የሚወለደው ከዚያ መስመር ነው።

ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት እስኪቀረው ጠፍጥፌ በክብ መቁረጫ እቆርጠዋለሁ። መቁረጫው ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከተጠማዘዘ ጠርዙ ይደፈንና ብስኩቱ መነሣት ያቅተዋል። በትሪው ላይ ጎን ለጎን እንዲነካኩ አድርጌ እደረድራቸዋለሁ፤ ወደ ጎን መስፊያ ስለሌላቸው ወደ ላይ ያድጋሉ። ኦቨኑ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ አስቀድሞ መጋል አለበት። በዚያ ሙቀት ቅቤው ሲቀልጥ በውስጡ ያለው ውሃ ድንገት እንፋሎት ሆኖ ንብብሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የአሬራው ኮምጣጣነትና ሶዳው ሲገናኙ ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ ይፈጥራሉ፤ ቤኪንግ ፓውደሩም ያግዛቸዋል። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ቁመትህ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ የቅቤው ሽታም ቤቱን ይሞላዋል። ስትወጣ ቢላዋ አላስነካህም። በሁለት አውራ ጣቴ ወገብህን ይዤ ስከፍትህ ራስህ ለሁለት ትከፈላለህ።

እማማ ቅቤ ሲናጥ ተቀምጠው እያዩ፣ አድገውም እየናጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ በሱቅ የሚሸጠው አሬራ ቅቤ ከወጣለት ወተት የቀረው እንዳልሆነ፣ ቅባቱ የተቀነሰ ወተት በባክቴሪያ ረግቶ የሚሠራ መሆኑን ስነግራቸው ቀመስ አድርገው፣ ወፍራም ነው፣ ለሊጥ ግን ደህና ይሆናል ብለው ፈረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሬራውን የሚያፈሱት እሳቸው ናቸው። እኔ በኩባያ ስለካ እሳቸው በዓይናቸው ያፈሳሉ፤ የሚወጣውም አንድ ነው። በስደት አገር አንዲት እናት ለልጅ ልጆቿ «ይህን እኔ አውቀዋለሁ» የምትልበት ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። ይህን ለእማማ ስላስገኘህላቸው ክበርልኝ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ መጣህበት መንገድ ነው። አንተ በድሎት የተወለድክ ምግብ አይደለህም። ቤኪንግ ፓውደር ከመምጣቱ በፊት የደቡብ ብስኩት የሚላላው በድብደባ ነበር፤ ሊጡ ጉቶ ወይም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በመዶሻ ወይም በመጥረቢያ ጀርባ ግማሽ ሰዓት፣ እንግዳ ሲኖር ከዚያም በላይ ይደበደባል። ሜሪ ራንዶልፍ የተባለች የቨርጂኒያ እመቤት እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመችው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የሚደበደብ እንዲህ ያለ ሊጥ አለ። እንደ እሷ ባሉ እመቤቶች ቤት ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው የሚደበድቡት እጆች ግን በአብዛኛው በባርነት የተያዙ ጥቁር ሴቶች እጆች ነበሩ። ሌሎች በሉት፤ ስሙም ለባለ ቤቶቹ ቀረ።

ድካሙን ያቃለለው ኬሚስትሪ ነው። ኤበን ሆርስፎርድ የተባለ የሃርቫርድ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1856 ከሶዳ ጋር ተደባልቆ ሊጥ የሚያነሣ የፎስፌት ዱቄት ሠርቶ ፓተንት አገኘ። ከዚያ በፊት ለዚህ ሥራ ከሶዳ ጋር የሚገባው ከወይን ጠጅ በርሜል የሚገኘው፣ ከአውሮፓ የሚመጣው ክሪም ኦፍ ታርታር ነበር። ቆየት ብሎ ደግሞ አሌክሳንደር አሽቦርን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1875 ለብስኩት መቁረጫ ፓተንት ተቀበለ። ባቡርና ትልልቅ ወፍጮዎች የስንዴ ዱቄትን ሲያረክሱት፣ የበቆሎ ቂጣ ይበሉ የነበሩና ብስኩትን ለእሑድ ብቻ ያቆዩት የነበሩ ቤቶች በአዘቦቱም መጋገር ጀመሩ። በጥጥ እርሻና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራው ድሃ ብስኩት ከፍቶ፣ የተረፈ ሥጋ አስገብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞህ ወጣ። ሳንድዊች ሆነህም የሠራተኛ ሰው ስንቅ ሆንክ።

ብስኩት ሲጋግሩ ከኖሩት ጥቁር እናቶች መካከል ስማቸው በክብር የተጻፈ አንዲት ሴት አሉ፤ ኤድና ሉዊስ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1916 ፍሪታውን በምትባል የቨርጂኒያ መንደር ተወለዱ፤ መንደሯን የመሠረቷት ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ሲሆኑ የእሳቸው አያት አንዱ ነበሩ። ባደጉበት ቤት የመስፈሪያ ማንኪያ ስላልነበረ ቤኪንግ ፓውደር የሚለካው በሳንቲም ላይ ተቆልሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት «ዘ ቴስት ኦፍ ካንትሪ ኩኪንግ» በተባለው መጽሐፋቸው የመንደራቸውን ምግብ በየወቅቱ ከፍለው ጻፉ። የሱቅ ቤኪንግ ፓውደር የብረት ጣዕም አለው ብለው ክሪም ኦፍ ታርታርና ሶዳ፣ ሁለት ለአንድ አድርገው፣ ራሳቸው ያዘጋጁ ነበር። የመጨረሻ ዘመናቸውን የኖሩትና እ.ኤ.አ. በ2006 ያረፉት እዚሁ በጎረቤታችን በዲኬተር ከተማ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2014 በምስላቸው ቴምብር አውጥቶላቸዋል። በሳንቲም ላይ የለኩት እጆች ባይኖሩ አንተ እኔ ቤት አትደርስም ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬ ካንተ አልፎ ስማቸው ላልተጻፈው ሁሉ ይድረስልኝ።

ወደ ከተማ ንግድ የገባኸው ቆይተህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በሻርለት፣ ኖርዝ ካሮላይና የተከፈተው ቦጃንግልስ ብስኩትን ከዶሮ ጋር አስተሳስሮ ታወቀ፤ በ1980ዎቹም ትልልቆቹ ፈጣን ምግብ ቤቶች ብስኩት ሳንድዊችን የቁርስ ዝርዝራቸው ውስጥ አስገቡ። ዛሬ በየአውራ ጎዳናው መውጫ ትገኛለህ። ነገር ግን በብዙ ቦታ የሚገባብህ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ቋሊማው ሴጅ በተባለ ቅጠልና በቁንዶ በርበሬ ይጣፍጣል። በእኛ ቤት የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ ባለቤቴም በመንገድ ላይ ካንተ ጋር በሰላምታ ብቻ ያልፍ ነበር። አራተኛው ምስጋናዬ እዚህ ላይ ነው፤ በቤት ስትጋገር የማንንም ሥርዓት ታከብራለህ።

ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ እወስዳለሁ፤ በጣም የደቀቀና ጮማ የሌለው ከሆነ ይደርቃልና ትንሽ ስብ ያለበትን እመርጣለሁ። አንድ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በርከት ያለ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ቁንጥጫ ኮረሪማ፣ ልጆቹን የማያቃጥል ያህል ሚጥሚጣ፣ በሴጁ ቦታ ደግሞ በእጅ የታሸ ኮሰረት አስገባለሁ። ኮሰረት ከለጋ ቅቤ ጋር ሲነጠር ያለውን ጠረን ያልረሳ ሰው፣ ከብስኩቱ ቅቤ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ይገባዋል። ሥጋው ሲጠበስ ስለሚኮማተር ከብስኩቱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ እጠፈጥፈዋለሁ፤ መሐሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ በብረት መጥበሻ አበስለዋለሁ። የዶሮ ወይም የተርኪ ሥጋ ከሆነ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። በሐላል የታረደ ሥጋ ገዝታ በዚሁ ልክ የምትሠራ ጎረቤት አለችን፤ በረመዳን ለሱሁር የምታሞቀው አንተን ነው።

እንቁላሉን አንድ በአንድ መጥበስ ጊዜ ይበላል። ስምንቱን በትንሽ ወተት መትቼ፣ ሽንኩርትና ፍሬው የወጣለት ቃሪያ ከትፌ፣ ቅቤ በተቀባ ትሪ አፍስሼ በ175 ዲግሪ ሩብ ሰዓት ያህል አበስለዋለሁ። ሲረጋ ብስኩቱን በቆረጥኩበት መቁረጫ እቆርጠዋለሁ፤ ልኩ ልክክ ይላል። ከቆረጥኩት የሚተርፈው ቁርጥራጭ የቅዳሜ ማታ የልጆቹ ቅምሻ ነው። ከዚያ ታችኛው ብስኩት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ አንድ ቁራጭ ቼዳር፣ ላይኛው ብስኩት። አይብ የሚወድ ሰው በሚበላበት ሰዓት ይጨምርበት፤ አይብ ፍሪዘር አይወድም።

አምስተኛው ምስጋናዬ ስለ ትዕግሥትህ ነው። ብዙ ትኩስ ምግብ ካደረ ክብሩን ያጣል፤ አንተ ግን ሥርዓትህን ለጠበቀ ሰው ታድራለህ፣ ትሰነብታለህ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ሁሉም ክፍል ፈጽሞ እስኪበርድ ሳይጠበቅ አይገጣጠምም፤ ሙቀቱ ከታፈነ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ብስኩቱን ያላሽቀዋል። የበረደው ሳንድዊች መጀመሪያ በወረቀት፣ ቀጥሎ በፎይል ተጠቅልሎ ፍሪዘር ይገባል፤ አንድ ወር ጣዕሙ ሳይጎድል ይቆያል። የሚበላው ሰው ማታ ወደ ፍሪጅ ያወርደዋል። ጠዋት ፎይሉን አውልቆ፣ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ፣ በማይክሮዌቭ አንድ ደቂቃ ያህል ያሞቀዋል። ጊዜ ያለው ከነፎይሉ በ175 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ቢያቆየው ቅርፊቱም ይመለስለታል። ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ትንሽ ፍሪጅና ማይክሮዌቭ አለችው፤ እሑድ ማታ ሲወጣ ድርሻውን ይዞ ይወጣል። ከሜምፊስ ሲደውል በመጀመሪያ የሚነግረኝ መንገዱን ሳይሆን ስንት እንደቀረው ነው።

ስድስተኛውን ምስጋና እማማ አደራ ብለውኛል። ቅቤ፣ አሬራ፣ እንቁላልና ሥጋ ያለበት ምግብ በረቡዕና በዓርብ፣ በሃምሳ አምስቱም የዐቢይ ጾም ቀናት ከቤታችን ይወጣል። አንተ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣህም። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል እ.ኤ.አ. በ1911 ከጥጥ ፍሬ ዘይት ሠርቶ ክሪስኮ የተባለውን የአትክልት ስብ ገበያ ካወጣ ወዲህ የደቡብ ሰዎችም ብዙ ብስኩት ያለ ቅቤ ጋግረዋል። በጾም እሱን አቀዝቅዤ በቅቤው ቦታ አስገባለሁ፤ በአሬራው ቦታ የአኩሪ አተር ወተት ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምቄ አሥር ደቂቃ አቆየዋለሁ፤ ሶዳውም ኮምጣጣውን ያገኛል። ጣዕሙ የቅቤውን አያህልም፤ ለስላሳነቱ ግን አይጓደልም። ውስጡ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የተቁላላ ጎመን ይገባል። እዚህ የምንሠራው ጎመን ኮላርድ የሚባለው ነው፤ የደቡብ ሰዎች ከብስኩት ጎን የሚበሉትም ይኸው ቅጠል ነው። እማማ ከቅዳሴ ተመልሰው የጾሙን ሰዓት ጠብቀው ይቀምሱታል። ምስር አልጫም ይሆናል፤ አቮካዶ በሎሚና በቃሪያም ይሆናል።

ልጆቼ እዚህ ተወልደዋል። እንጀራ ይወዳሉ፤ ሽሮ ይጠይቃሉ፤ ጆርጂያም አገራቸው ናት። ኮሰረት የገባብህን ብስኩት ሲበሉ የማን ምግብ እንደሆነ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ የቤታቸው ምግብ ነህ። ትልቋ ልጄ ሊጡን ለማጠፍ እኔን አትጠብቅም። ትንሹ መቁረጫውን አጥብቆ ይይዝና «ሳላጠማዝዝ» እያለ ራሱን ያስታውሳል። እኔ ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ እነሱ የሚቆርሱት እራሳቸው ያጠፉትን ነው። ልጅ የእናቱን እጅ ሲለምድ፣ የእናቱም እጅ ድካም ይቀንሳል።

ክብር የሚገባህ ብስኩት ሆይ፣ ውለታህን በዝርዝር ያቀረብኩት ሌላውም ቤት እንዲያገኝህ ነው። ከሥራ ብዛት ቤተሰባችሁ በየፊናው የሚበላባችሁ ወገኖቼ፣ አትላንታም ሁኑ ሜሪላንድ፣ ዴንቨርም ሁኑ ዳላስ፣ ከሳምንቱ አንድ ማታ ለዚህ ሊጥ ስጡ። ዱቄቱ ውድ አይደለም፤ አሬራው በየሱቁ አለ፤ ቅመሙ ከአገር ቤት በመጣላችሁ ዕቃ ውስጥ አለ። ልጆቻችሁ ሊጡን ይጠፉ፣ እናቶቻችሁ አሬራውን ያፍሱ። አብሯችሁ የሚሠራ የደቡብ ሰው ካለም አንዱን ጠቅልላችሁ ውሰዱለት፤ ያስተማሩን እነሱ ናቸውና ምስጋናው መልሶ ለእነሱ ይድረስ። በየመንገዱ ላላችሁ የቤተሰባችሁ ሰዎችም ድርሻቸውን ሳታስቀሩ አስይዟቸው።

አክባሪህ፣
ከክላርክስተን፣ ጆርጂያ